«አፕል»ን ወደ አማርኛ ስንመልስ፦ ፖም የሚሆነው የቱ ነው?

እንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ «አፕል» የሚል ቃል ሲመጣ የተርጓሚ እጅ ቀድሞ «ፖም» ይጽፋል። አንዳንዴ ልክ ነው። ሌላ ጊዜ ግን አናናስ «የጥድ ፖም» ሆኖ ይወጣል፣ መርዛማ ተክል የሚበላ ፍራፍሬ ይመስላል፣ የዓይን ብሌን ደግሞ ከዛፍ ላይ የተለቀመ ነገር ይሆናል።

ስህተቱ ሥር አለው። የጥንቱ እንግሊዝኛ በዚህ ቃል ማንኛውንም ፍሬ ይጠራ ነበር፤ ክብ ነገርንና የዓይን ኳስንም ጭምር። ቴምር «የጣት አፕል»፣ ኪያር «የምድር አፕል» ይባል ነበር። ቃሉ ዛሬ ወደምናውቀው አንድ ፍሬ የጠበበው ቀስ በቀስ ነው፤ የድሮው ሰፊ ትርጉም ግን በጥምር ቃላትና በፈሊጦች ውስጥ ተደብቆ ቀርቷል። የሌሎቹ አውሮፓውያን ነገርም እንዲሁ ነው። ፈረንሳዮች ድንችን «የምድር ፖም»፣ ጣሊያኖች ቲማቲምን «የወርቅ ፖም»፣ ደቾች ብርቱካንን «የቻይና ፖም» ይሉታል። ከእነዚህ አንዱንም በአማርኛ ፖም የሚለው ሰው የለም።

ስለዚህ ቃሉን ከመተርጎም በፊት አንድ ነገር ይጠየቅ፦ በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚገመጥ ነገር አለ? ካለ «ፖም» ተገቢ ነው። ከሌለ አማርኛው የራሱ ቃል ይኖረዋልና እሱን መፈለግ ነው።

የሚገመጠው ሲሆን

ለፍሬው በአማርኛ ሁለት ስሞች በሰፊው ይሠራባቸዋል፦ ፖም እና አፕል። በአፍ ሲነገር «አፕል» ይበዛል፤ ማንም አይሳሳትበትም። በጽሑፍ ግን ለፍሬው «ፖም»ን፣ ለኩባንያው «አፕል»ን መያዝ ይሻላል። ይህ የቋንቋ ንጽሕና ጉዳይ አይደለም። እንግሊዝኛ ፍሬውንና ኩባንያውን የሚለየው በትልቅ ፊደል ነው፤ በግዕዝ ፊደል ደግሞ ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለም። «አፕል ዋጋው ጨመረ» ብሎ የሚጀምር ዜና ላይ አንባቢ የፍራፍሬ ገበያ ይሁን የአክሲዮን ገበያ መለየት አይችልም። ሁለት ቃል ካለን ለሁለቱ ማካፈል ነው። አንዱን ለአንዱ ከሰጡ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው ሳያቀያይሩ መሄድ ያስፈልጋል፤ በአንድ ገጽ ፖም፣ በሌላው አፕል የሚል የምግብ አሠራር አንባቢውን ሁለት ዓይነት ፍሬ ያስፈልጋል ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል።

አጻጻፉ ላይ «አፕል» ከ«ኤፕል» ይሻላል። የእንግሊዝኛው የመጀመሪያ አናባቢ በአማርኛ ልክ የሚገጥመው ፊደል የለውም፤ «አ» ግን የተለመደው ነው። «ኤፕል» ከወሩ ስም ከኤፕሪል በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚለይ ዓይን በቀላሉ ያሳስታል።

ሲቆጠር አማርኛ ብዙ ቁጥር ማብዛት አይወድም። «ሦስት ፖሞች ላጥ» ከማለት «ሦስት ፖም ላጥ» ወይም «ሦስት ፍሬ ፖም ላጥ» ማለት ለጆሮ ይቀላል። እዚህ ላይ ግን «ፍሬ» የሚለው ቃል ሦስት ሥራ እንዳለው ማስታወስ ግድ ነው፦ መቁጠሪያም ነው፣ የሚበላውም ክፍል ነው፣ በውስጥ ያለው ዘርም ነው። «የፖሙን ፍሬ አውጥተህ ጣል» ተብሎ የተተረጎመ መመሪያ ምን እንደሚጣል አይናገርም። እንግሊዝኛው ስለ ውስጠኛው ጥቁር ነገር ሲያወራ «ዘር» እንበል፤ ዘሩን የያዘውን ጠንካራ ክፍል ደግሞ «ዘር ያለበት መሃሉ» ብለን በግልጽ እናስቀምጠው። በጤና ጽሑፍ ይህ ልዩነት ዋጋ አለው። ሲፈጭ ወይም ሲታኘክ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር፣ አሚግዳሊን፣ በብዛት ያለው በዘሩ ውስጥ ነው። ዘሩ «ፍሬ» ከተባለ ማስጠንቀቂያው ፖሙን ራሱን የሚከለክል ይመስላል።

የዝርያ ስሞች አይተረጎሙም። ግራኒ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1868 አካባቢ በአውስትራሊያ ካበቀለችው ሴት፣ ከማሪያ አን ስሚዝ፣ ስሙን ያገኘ አረንጓዴ ፖም ነው፤ «አያት ስሚዝ» ተብሎ ሲቀርብ የሰው ታሪክ ይመስላል። ጎልደን ዴሊሸስም «ወርቃማ ጣፋጭ» ሊሆን አይገባም። ስሙን በግዕዝ ፊደል ጽፎ ከፊቱ «የ» ከኋላው «ፖም» ማድረግ ይበቃል፦ የግራኒ ስሚዝ ፖም፣ የፉጂ ፖም። አንባቢው ዝርያውን እንደማያውቅ ከተገመተ ቀለሙንና ጣዕሙን በአንድ ሐረግ መጨመር ነው፦ «አረንጓዴና ጎምዘዝ የሚለው የግራኒ ስሚዝ ፖም»።

የዕፅዋት ትምህርት ሲተረጎም ሌላ ወጥመድ አለ። በሳይንስ «ፖም» ከሚለው ጋር ዘመድ የሆነ ቃል፣ የእንግሊዝኛው «ፖውም»፣ የአንድ ፍሬ ስም ሳይሆን የፍሬ ዓይነት መጠሪያ ነው፤ ፒርም እዚያ ውስጥ ይገባል። በቀጥታ «ፖም» ካልነው «ፒር ፖም ነው» የሚል እንግዳ ዓረፍተ ነገር ይወጣል። «የፖም ዓይነት አሠራር ያለው ፍሬ» ብሎ ማብራራት ይሻላል።

ከፖም የሚሠሩ ነገሮች

እዚህ ጋ ቃል በቃል የተረጎመ ሰው አንባቢውን ወደ ስህተት ሥራ ይመራዋል።

«አፕል በተር» ውስጥ ቅቤ የለም። ፖሙ ለረጅም ሰዓት በቀስታ እሳት በስሎ፣ ውኃው አልቆ፣ ቡናማና ወፍራም የሆነ በዳቦ የሚቀባ ነገር ነው፤ «ቅቤ» የተባለው እንደ ቅቤ ስለሚቀባ ብቻ ነው። «የፖም ማርማላታ» ይባል። «የፖም ቅቤ» ብሎ የተረጎመ ሰው አንባቢውን በሌለ ቅቤ ያስጨንቀዋል፤ ጾመኛም በከንቱ ይተወዋል። «አፕል ሶስ» ደግሞ ተቀቅሎ የላመ ፖም ነው፤ ወጥም ስጎም አይደለም።

«ሳይደር» የሚለው ቃል ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብሪታንያ እንግሊዝኛ የፈላና አልኮል ያለው መጠጥ ነው። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ግን በአብዛኛው ያልተጣራ የፖም ጭማቂ ማለት ነው፤ አልኮል ያለውን «ሃርድ» የሚል ቅጽል ጨምረው ይለዩታል። ተርጓሚው መጀመሪያ ጽሑፉ የየት አገር እንግሊዝኛ እንደሆነ ይይ፤ የፊደል አጻጻፉ፣ የመለኪያው ዓይነት፣ የሙቀት መጠኑ በፋረንሃይት ወይም በሴልሺየስ መሆኑ ይናገራሉ። ከዚያ «ያልተጣራ የፖም ጭማቂ» ወይም «የፖም መጠጥ፣ አልኮል ያለው» ብሎ ይለይ። «ሳይደር» ብሎ አልፎ መሄድ አልኮል የማይጠጣን አንባቢ አሳልፎ መስጠት ነው።

«አፕል ሳይደር ቪኒገር» ሲመጣ ግን ነገሩ ቀላል ነው፦ የፖም ኮምጣጤ። መካከለኛው ቃል ኮምጣጤው ያለፈበትን ደረጃ እንጂ ሌላ ንጥረ ነገር አይጠቁምም፤ ይውጣ።

ፖም የሌለባቸው «አፕሎች»

አናናስን እናስቀድም። የእንግሊዝኛው ስሙ «የጥድ አፕል» የሚል ትርጉም አለው። መጀመሪያ የሚጠራው የጥድ ዛፍን ፍሬ፣ ያን ቅርፊት ቅርፊቱ የተደራረበውን ነገር ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች አናናስን ሲያዩ መልኩ ከዚያ ጋር ስለተመሳሰለባቸው ስሙን ወደ እሱ አዛወሩት። አማርኛው አናናስ ብሎ ጨርሶታል። ሮማንም እንዲሁ፤ የእንግሊዝኛው ስም ከላቲን «ዘር የበዛበት ፖም» ከሚል የመጣ ነው፣ አማርኛ ግን ለዚህ ፍሬ ጥንታዊና የራሱ የሆነ ስም አለው።

«ከስተርድ አፕል» ጊሽጣ ነው። «ላቭ አፕል» በድሮ ጽሑፍ ቲማቲም ነው። «ክራብ አፕል» ግን እውነተኛ ፖም ነው፤ ትንሽ፣ ብዙ ጊዜ ከ5 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ጎምዛዛ። «የዱር ፖም» ወይም «ትንሹ ጎምዛዛ ፖም» ይባል፤ «የሸርጣን ፖም» የሚል ትርጉም የሚወጣው መዝገበ ቃላትን ቃል በቃል ከመክፈት ነው። «ካሹ አፕል» ከካሹ በላይ የሚያብጠው ሥጋማ አንገት ነው፤ ካሹው ከሥሩ ተንጠልጥሎ ይታያል። «ኦክ አፕል» ጭራሽ ፍሬም አይደለም፤ ተርብ መሰል ትንሽ ነፍሳት እንቁላሏን ስትጥል በኦክ ዛፍ ላይ የሚወጣ እብጠት ነው።

አሁን አደገኛው። «ቶርን አፕል» የሚለው ስም «የእሾህ ፖም» ተብሎ ሲተረጎም የሚበላ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ የሚጠራው ዳቱራ ስትራሞኒየምን ነው፤ አስተናግርን። ስሙ ራሱ ነገሩን ይናገራል፦ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉት መርዞቹ የበላውን ሰው ያስቃዡታል፣ ያስለፈልፉታል፣ መጠኑ ሲበዛም ይገድላሉ። በመድኃኒት ዕፅዋት ጽሑፍ ውስጥ «የእሾህ ፖም ቅጠል» ተብሎ የወጣ መመሪያ ሰው ሊጎዳ ይችላል። «አስተናግር» ተብሎ ቢጻፍ ግን አንባቢው ገና ስሙን ሲያይ ይጠነቀቃል።

«ሶዶም አፕል» ላይ ደግሞ አንድ ስም ሁለት ተክል ይይዛል። አንዱ ካሎትሮፒስ ፕሮሴራ ነው፦ በረሃማ ቦታ የሚበቅለው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው፣ ፍሬው ሲታይ ሙሉ ሲከፈት ግን በአየርና በቃጫ የተሞላው፣ በአማርኛ ጦቢያው የሚባለው። ሌላው ሶላኑም ኢንካኑም ነው፤ ይህ እምቧይ ነው። እምቧይን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ «የእምቧይ ካብ» የምንለው ክብና ለስላሳ ስለሆነ ተደርድሮ ስለማይቆም ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሳይንሳዊ ስሙ ብቻ ነው። ስለዚህ ለማንኛውም የዕፅዋት «አፕል» ሥራው በሁለት ደረጃ ይሁን፦ መጀመሪያ በምንጩ ውስጥ ሳይንሳዊ ስሙን ማግኘት፣ ከዚያ በዚያ ስም የአማርኛውን መፈለግ። ምንጩ ሳይንሳዊ ስም ካልሰጠ የቅጠሉን፣ የአበባውንና የፍሬውን ገለጻ ማስተያየት ይቻላል። በዚህም ካልተለየ የእንግሊዝኛውን ስም በግዕዝ ፊደል ጽፎ «የተክል ስም» ብሎ መግለጽ ከግምት ይሻላል።

አንገት፣ ዓይን፣ ገነት

«አዳምስ አፕል» በአማርኛ ማንቁርት ነው፤ በጉሮሮ ፊት ለፊት በተለይ ወንድ ላይ ወጣ ብሎ የሚታየው ልም አጥንት። ከእንቅርት ጋር መምታታት የለበትም፤ እንቅርት ያበጠ ዕጢ ነው፣ ሕመም ነው። አንድ ልብ ወለድ ውስጥ «ሲውጥ አዳምስ አፕሉ ወጣ ወረደ» የሚል ቢመጣ «ምራቁን ሲውጥ ማንቁርቱ ወጣ ገባ አለ» ይበቃል፤ አዳምን መጥራት አያስፈልግም።

የእንግሊዝኛው ስም የመጣው አዳም የበላው ፍሬ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ቀረ ከሚል ተረት ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ግን የፍሬውን ስም አይጠራም፤ ዕብራይስጡም አማርኛውም «ፍሬ» ብቻ ነው የሚሉት። ፖም የሆነው በምዕራቡ ትውፊትና ሥዕል ነው፤ በላቲን «ክፉ» የሚለው ቃልና «ፖም» የሚለው ቃል በአናባቢ ርዝመት ብቻ መለያየታቸውም ሳያግዝ አልቀረም። ለተርጓሚ ይህ በሁለት ይከፈላል። ጽሑፉ ስለ አንድ የአውሮፓ ሥዕል ከሆነ ሔዋን በእጇ የያዘችው ፖም ነውና ፖም ይባል። ጽሑፉ ቅዱስ መጽሐፉን የሚጠቅስ ከሆነ ግን «ፍሬ» ይሁን፤ በእንግሊዝኛ ጸሐፊው ልማድ ምክንያት መጽሐፉ ያላለውን ማስባል አይገባም።

በተቃራኒው እንግሊዝኛው «አፕል» ያለበት፣ አማርኛውም የፍሬ ስም የሰጠበት ቦታ አለ። በመኃልየ መኃልይ 2፥3 የ1954ቱ የአማርኛ ትርጉም «በዱር እንጨት መካከል እንዳለ እንኮይ» ይላል። በምሳሌ 25፥11 በብር ጻሕል ላይ ያለውን ወርቃማ ፍሬም እንኮይ ብሎታል። እንኮይ በሳይንስ ሌላ ተክል ነው፣ ትንሽና ጎምዘዝ ያለ የዱር ፍሬ። ተርጓሚዎቹ አንባቢው አይቶትና ቀምሶት የሚያውቀውን ስም መርጠዋል፤ ዓረፍተ ነገሩም ሕይወት አግኝቷል። አንድ ጽሑፍ እነዚህን ጥቅሶች ሲያነሣ የታተመውን አማርኛ እንዳለ መውሰድ ነው እንጂ ከእንግሊዝኛው «ፖም» ብሎ አዲስ መሥራት አያሻም፤ አንባቢው ጥቅሱን በቃሉ ያውቀዋልና ይሰናከልበታል።

«ዚ አፕል ኦቭ ሂዝ አይ» የሚለው ፈሊጥ ከሁሉ ይበልጥ ያማረ አማርኛ ያለው ነው። በዘዳግም 32፥10 እና በመዝሙር 17፥8 (በግዕዙ አቆጣጠር 16) የዕብራይስጡ ቃል ፖምን አያውቅም፤ በቀጥታ ሲፈታ «የዓይን ትንሽ ሰው» እንደ ማለት ነው። ወደ ሰው ዓይን ቀርበን ስናይ በጥቁሩ መሃል የራሳችንን ትንሽ ምስል እናያለን፤ ስሙ ከዚያ ነው። እንግሊዝኛው በጥንቱ «ክብ ነገር» ትርጉም «አፕል» አለው። አማርኛው ብሌን አለው። ስለዚህ «ልጁ የዓይኑ ብሌን ናት»፣ «እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃታል»። «የዓይኑ ፖም» ማለት በእጅ ያለውን ወርቅ ጥሎ ብረት መዋስ ነው።

ፈሊጥና ምሳሌያዊ አነጋገር

ምሳሌያዊ አነጋገርን በምሳሌያዊ አነጋገር መመለስ ጥሩ ነው፤ ግን ክብደቱና ቦታው መመዘን አለበት። «ፖም ከዛፉ ርቆ አይወድቅም» ለሚለው «ዘር ከልጓም ይስባል» ሐሳቡን ያደርሳል። «አንድ የበሰበሰ ፖም በርሜሉን ሁሉ ያበላሻል» ለሚለው «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» የሚል አለን፤ ነገር ግን በኩባንያ ሪፖርት ወይም በፍርድ ቤት ሰነድ ውስጥ አይገባም፤ እዚያ «የአንዱ ብልሽት ለሌሎች ይተርፋል» ይበቃል።

በዚሁ ፈሊጥ ላይ አንድ መጠንቀቂያ አለ። መነሻው እውነት ነው፦ የበሰለና የበሰበሰ ፖም ኤትሊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ አጠገቡ ያሉትን ቶሎ ያበስላል፣ ሻጋታውም ይዛመታል። የድሮው መልእክት «አንዱ ሁሉን ያጠፋል» ነው። በዛሬ የፖለቲካና የፖሊስ ዜና ግን «ጥቂት መጥፎ ፖሞች ናቸው» የሚባለው ተቃራኒውን ለማለት ነው፦ የቀሩት ደህና ናቸው ለማለት። ተናጋሪው የትኛውን እንደፈለገ ከዐውዱ ሳይለዩ ምሳሌ መጫን የሰውን ቃል ገልብጦ ማቅረብ ነው። ለሁለተኛው «ጥቂት ብልሹ ሰዎች ናቸው» ይበቃዋል።

ሌሎቹ ፈጠን ብለው ያልፋሉ። ፖምን ከብርቱካን ማወዳደር «የማይወዳደረውን ማወዳደር» ነው፤ በሒሳብ ሪፖርት «ፖም ከፖም» ሲባል «በአንድ መስፈርት ማነጻጸር»። የፖም ጋሪ መገልበጥ «የተደላደለውን ነገር ማናጋት» ነው። «አፕል ፖሊሸር» አጎብዳጅ ነው፤ ተማሪ መምህሩን በተወለወለ ፖም ከመደለሉ የመጣ። በአውስትራሊያ «ነገሩ ፖም ይሆናል» ማለት «ምንም አይደል፣ ይስተካከላል» ነው። በለንደን የጎዳና አነጋገር «ፖምና ፒር» የቤት መወጣጫ ደረጃ ነው፣ በእንግሊዝኛው ቃሉ በግጥም ስለሚገጥም ብቻ። «ሮድ አፕል» የፈረስ ፋንድያ ነው፤ ይህን ሳያውቁ ተረት ውስጥ ልጅ ከመንገድ አንሥቶ እንዲበላ ማድረግ ይቻላል።

«የጠብ ፖም» የሚለው በግሪክ ተረት ሳትጋበዝ የቀረችው የጠብ አምላክ ኤሪስ በሠርግ መሃል ከወረወረችው፣ «ለቆንጆዋ» ተብሎ ከተጻፈበት የወርቅ ፖም የመጣ ነው። ስለ ተረቱ ሲጻፍ ፖሙ ይቀመጥ፤ ስለ ዛሬ ድንበር ወይም ውርስ ሲጻፍ «የጠብ ምክንያት» ይሁን። «ቢግ አፕል» ኒው ዮርክ ነው። ቅጽል ስሙን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በጋዜጣ ያስፋፋው የፈረስ እሽቅድምድም ዘጋቢው ጆን ፊትዝ ጄራልድ ነው፤ በ1970ዎቹ የከተማዋ የቱሪዝም ዘመቻ መልሶ አነሣው። «ኒው ዮርክ» ብሎ መጻፍ በቂ ነው።

የልጆች ፊደል መማሪያ ሲተረጎም ደግሞ «ኤ ለአፕል» ያለበት ሥዕል ከፊደሉ ጋር መሄዱን ማየት ነው። በግዕዝ ፊደል ፖም የሚመጣው «ፖ» ላይ ነው፤ «አ» ሥር አንበሳ ይሣል።

ኩባንያው

አፕል እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1976 በስቲቭ ጆብስ፣ በስቲቭ ዎዝኒያክና በሮናልድ ዌይን ተመሠረተ። እስከ ጃንዋሪ 2007 ሙሉ ስሙ አፕል ኮምፒውተር ነበር፤ ከዚያ በፊት ያለን ሰነድ ሲተረጉሙ የወቅቱን ስም መያዝ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሳይቀይሩ «እ.ኤ.አ.» ማለት አይረሳ። የኩባንያ ስም አይተረጎምም፤ በጽሑፉ መጀመሪያ አንድ ጊዜ «የአፕል ኩባንያ» ካሉ በኋላ «አፕል» ይበቃል። ምልክቱን ሲገልጹ ግን ፍሬው ይመለሳል፦ «የተገመጠ ፖም»።

ማኪንቶሽ ላይ ሌላ ግጭት አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ኮምፒውተር ስሙን ያገኘው ከአንድ የፖም ዝርያ ነው፤ እንግሊዝኛው ሁለቱን በአንዲት ፊደል ለይቷቸዋል። በግዕዝ ፊደል ግን ሁለቱም ማኪንቶሽ ናቸው። ሁለቱ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሲገናኙ «የማኪንቶሽ ፖም» እና «የማኪንቶሽ ኮምፒውተር» እያሉ በየቦታው መሙላት ያስፈልጋል።

ሥራው ሲያልቅ

የተጠናቀቀውን ፋይል ከፍቶ «አፕል»ን መፈለግና እያንዳንዱን መመልከት፤ «የተክል ስም» ተብለው ከተገለጹት በቀር ሁሉም ኩባንያው መሆን አለባቸው። ቀጥሎ «ፖም»ን መፈለግ፤ ሁሉም የሚገመጡ መሆን አለባቸው፣ ተረትና ሥዕል ውስጥ ያሉትም ጭምር። አንዱን በሌላው በጅምላ የመተካት ትእዛዝ በጭራሽ አይሰጥ፤ «ፖም አዲስ ስልክ አስተዋወቀ» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች የሚወለዱት ከዚያ ነው። አማርኛ ቅጥያውን ከቃሉ ጋር ስለሚያጣብቅ «የፖሙን»፣ «ከፖሟ»፣ «ፖሞቹ» የሚሉት ሙሉውን «ፖም» ሲፈልጉ አይገኙም፤ «ፖሙ»፣ «ፖሟ»፣ «ፖሞ» እያሉ ለየብቻ መፈለግ ግድ ነው። በሌላ በኩል «ፖም» ሲባል «ሻምፖም» እና «ፖምፔ» አብረው ይመጣሉ፤ እነሱን ማለፍ ነው።